ቀበሮዋን ያላሳዩት ጋሽ እሸቴ

የጋሽ እሸቴን ሞት የሰማሁት ጋሸና ላይ ነው፤ ያውም ሽሮ እየበላሁ። ለምግብ ቤቴ ዕቃ ልገዛ ከኮን መጥቼ፣ መኪናው እስኪሞላ ብዬ ከላሊበላ መገንጠያው አጠገብ ካለች ቤት ቁጭ ብያለሁ። ድሮ ላሊበላ ቱሪስት ሲያመላልስ የማውቀው ሾፌር ገባና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣

«እታገኝ፣ የጋሽ እሸቴን ሰማሽ አይደል?» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ውይ፣ አልሰማሽም እንዴ! ቀበርናቸው'ኮ። ሦስት ሳምንት ሊሆናቸው ነው።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ሰውዬው ግን አላቆመም፤ ሾፌር መቼ ያቆማል! «ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው ከድቷቸው ውሻና ቀበሮ መለየት አቃታቸው እንጂ፣ እንደሳቸው ያለ መሪ ላስታ ውስጥ አልነበረም» አለ።

«የሳቸው ዓይን ካንተ ዓይን ይሻል ነበር!» ብዬ ጮኽኩበት። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩ ደነገጠና፣ «ምን አልኩ ታዲያ? አገር የሚያወራውን ነው ያወራሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ አገር የሚያወራው ይህንኑ ነው። አገር የማያውቀውን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እሱንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼ ሆዴ ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ሽሮውን ትቼ ወጣሁና መኪናው ጥላ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ቀብራቸው ላይ ባልደርስ ለአርባቸው እደርሳለሁ፣ ደርሼም አፌን እከፍታለሁ፣ የሟች ስም እንደተበላሸ አይቀርም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጽሕፈት የኔ ሥራ አይደለም፤ የኔ ሥራ ወጥ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደመጣልኝ ነው የማወራው።

ጋሽ እሸቴ የላሊበላ ልጅ ናቸው። ፎቶ ማንሳት የተማሩት ግን ደሴ፣ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ነው። ተመልሰው መጡና ከገበያው በላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ከፈቱ። ለገና የሚመጣው ተሳላሚ ሁሉ እሳቸው መጋረጃ ፊት ቆሞ ይነሳ ነበር። መጋረጃው ላይ ባሕርና መርከብ ተስሎበታል፤ ባሕር በሕልሙም አይቶ የማያውቅ የዋድላ ገበሬ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ መርከብ የተሳፈረ መስሎ ይነሳል። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈትና ፈረንጅ መምጣት ሲጀምር፣ አንድ ወፍ የሚያጠና ሽማግሌ ፈረንጅ ዕቃ የሚሸከምለት፣ ደግሞም ካሜራ የማይሰብርበት ሰው ቢፈልግ እሳቸውን አሳዩት። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ወራት አብረው ቆዩ። ጋሽ እሸቴ ከዚያ ሲወርዱ ሌላ ሰው ሆነው ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ወፉንም አውሬውንም ቅጠሉንም እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወሩለት። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ፣ ከመንቁሩ ሥር ጢም ስላለው፣ «አባ ጢሞ» ይሉታል። ጭላዳዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ተሰብስበው ሲንጫጩ፣ «ዛሬ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ጠርቷቸዋል» ይላሉ። ፈረንጆቹ ምን እንዳሉ ሳይገባቸው ይስቃሉ፤ የሳቸው ፊት ነው የሚያስቀው።

አጭር ናቸው፣ ቀጭን። የኮታቸው ኪስ በፊልም ቆርቆሮ ተሞልቶ ሲራመዱ ይንኳኳል። ነገር ሲነግሯቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡ፣ አንቺንም በካሜራ የሚያዩሽ ይመስል። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወደ ተራራ ለሚወጣ እንግዳ በድንኳን ወጥ የምሠራ ሴት ነበርኩ። ስሜ እታገኝ ነው፤ እሳቸው ግን «አንቺ በርበሬ» ነበር የሚሉኝ።

መጀመሪያ አብረን የወጣን ዕለት ተጣላን። ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ መጥተው ድስቱን በገዛ እጃቸው ከእሳቱ ላይ አወረዱት።

«አንቱ ሰውዬ! ምን መሆንዎ ነው?»

«ነፋሱ ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው፣ እታለም። ሽታሽ አሁን ተራራው ጫፍ ደርሷል። ቀበሮዋ ‹እነእታገኝ መጡ› ብላ ጓዟን እየሸከፈች ነው።»

«ያለ ሽንኩርት ወጥ ልሥራ? ላስታን ልታሰድቡት ነው ወይ?»

«ነፋሱ ሲዞር ሥሪው» አሉና እጃቸውን በኮታቸው ጠርገው ሄዱ። ነፋሱ እስኪዞር ፈረንጆቹ በረሃብ ብስኩት ሲግጡ ዋሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ቀይ ቀበሮዋ ከድንኳናችን ብዙም ሳትርቅ አይጥ ስታድን አየናት። ቀይ ሐር የለበሰች፣ እግሯ ቀጭን፣ ጆሮዋ ቀጥ ያለ፤ እንዲህ ያለ ፍጥረት ከኛ በላይ እየኖረ እኔ ሳላውቅ መኖሬ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲያ በሽንኩርት አልተጣላንም፤ ነፋስ እየጠየቅኩ ነው የማቁላላ።

የሥራቸው ብልሃት በቅሎ ነበር። ቀይ ቀበሮ ሰው ትሸሻለች፣ ከብት አትሸሽም፤ ከብት ሲግጥ ጓሳ በሚባለው ረጅም የተራራ ሣር ውስጥ ያለው አይጥ ስለሚነሳላት ከላምና ከበሬ መሃል ገብታ ታድናለች። ጋሽ እሸቴ ይህን አይተው ዳማ የምትባል አሮጊት በቅሎ ገዙ። ዳማ እየጋጠች ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ከጎኗ ይሄዳሉ፤ ካሜራው ኮርቻው ላይ ነው። ፈረንጆቹን አንድ በአንድ እንዲህ ይወስዷቸዋል። ረጃጅሞቹ ፈረንጆች ወገባቸው እየተንቋቋ በበቅሎ ሆድ ሥር ሲሄዱ ማየት ራሱ ትርኢት ነበር። «ሰው መሆንሽን ለጥቂት ጊዜ ተዪው» ይሏቸዋል፣ ወንዱንም ሴቱንም በአንቺ፤ እነሱም ይተዉታል።

እንዲህ እያሉ ስማቸው ወጣ። «እሸቴ ከወጣ ቀበሮ ይታያል» ተባለ። ከአዲስ አበባ የአስጎብኚ ድርጅቶች በስም እየጠሩ ያስመጧቸው ጀመር፤ አገር ቤት እያለ ወሬያቸውን የሰማ ፈረንጅ «እሸቴ» እያለ ከአውሮፕላን ይወርድ ነበር። አልዋሽም፣ ይህን ነገር ይወዱት ነበር። ስማቸው ሲጠራ ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ። «ልጅ አልወለድኩም፣ መሬት የለኝም» አሉኝ አንድ ጊዜ። «ያለኝ ስሜ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ አንቺ በርበሬ።» ያን ጊዜ እንደ ተራ ተረት ሰምቼ አሳለፍኩት።

አሁን የፎቶውን ነገር ልናገር።

አንድ ዓመት፣ ገና ካለፈ በኋላ፣ ቀበሮዋ ወለደች። ጉድጓዷ የት እንደሆነ ከጋሽ እሸቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ራሴ ብጠይቃቸው፣ «የወላድ ቤት ማን ይጠቁማል?» ብለው አፌን አዘጉኝ። ግን አንድ ጠዋት ብቻቸውን ከዳማ ጋር ሄዱና አነሷት። እናቲቱ ጉድጓዷ በር ላይ ተቀምጣ፣ ልጆቿ ከሆዷ ሥር እየተጋፉ፣ ውርጩ ገና ሳይቀልጥ፣ ፀሐይ ከኋላዋ። ፊልሙን አዲስ አበባ ልከው አሳጠቡት፤ በትልቁ አስወጡትና አንድ ሆቴል መስተዋት አስገብቶ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቀለው። አምሮ ነበር፣ ምን ልበላችሁ! ማታ ማታ ጋሽ እሸቴ ሻይ ሊጠጡ የመጡ መስለው እሱን ሊያዩ ይሄዱ ነበር።

ችግሩ ከቀበሮዋ ኋላ ያለው ድንጋይ ነው። መነኩሲት እንለዋለን፤ ቆብ ደፍታ የጎበጠች ሴት የሚመስል፣ ከብት ያገደ የላስታ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድንጋይ። ፀሐይዋን ሲጠብቁ፣ የልጆቹን ዓይን ሲያጠሩ፣ ጋሽ እሸቴ ድንጋዩን አላዩትም። አፋቸው የደበቀውን ካሜራቸው ተናገረ።

ብርሃኑ የሚባል ጎበዝ መሪ አለ፤ ቋንቋው የቀና፣ እግሩ ፈጣን። መጥፎ ሰው አይደለም፣ እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው። ፎቶውን አየ፣ ድንጋዩን አወቀ፣ በማግስቱ እንግዶቹን ይዞ ወጣ። ከሱ ኋላ ሌላው ወጣ፣ ከዚያ ሌላው። ጉድጓዱ በር ላይ ሰው ተሰለፈ። አንዱ ብስኩት ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይጎረጉራል። ቀበሮዋ ሁለት ቀን ታገሠች፤ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ልጆቿን አንድ በአንድ አንገታቸውን ነክሳ ገደሉን ማሻገር ጀመረች። በዚያው ሌሊት በረዶ ጣለ።

ከተራራው ወገብ ካለችው መንደር አያ ካሴ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ የመንደሩ ሰው ጓሳው ያለጊዜው እንዳይታጨድ ከሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ። በቅዳሜ ገበያ ወርደው ቀጥ ብለው ሆቴሉ ገቡ፤ ሆቴል ገብተው አያውቁም። ጋሽ እሸቴ እዚያው ነበሩ፣ እኔም ለጉዞ ዕቃ ላስጭን መጥቼ ነበር። አያ ካሴ ዱላቸውን ተደግፈው ፎቶውን ብዙ አዩት። ከዚያ ዞር ብለው፣

«እሸቴ፣ ቤቷን ነገርክባት» አሉ።

ጋሽ እሸቴ አልገባቸውም።

«መነኩሲትን ከኋላዋ አቁመህ ‹እዚህ ናት› አልክ'ኮ። ግልገሎቿን ጓሳው ውስጥ አገኘኋቸው። ደርቀዋል። አንድ የተረፈ አላየሁም።»

የጋሽ እሸቴን ፊት በዚያች ሰዓት ያየሁትን ለጠላቴም አያሳየው። ወንበር ላይ ወጥተው ፎቶውን አወረዱ። የሆቴሉ ጌታ «ምን ሆነሃል ሰውዬ!» እያለ ቢከላከልም አልሰሙትም፤ ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወጡ። በሳምንቱ አያ ካሴ ደጅ ሄደው በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ቅዱስ ነአኩቶ ለአብን! ከእንግዲህ የወለደች ቀበሮ ቤት በኔ እግር የሚደርስ ሰው የለም» ብለው ማሉ። ማል ያላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያነሱት ፎቶ ሁሉ ሣርና ሰማይ ብቻ ነው ያለበት። ፈረንጆቹም ካሜራቸውን ሲያነሱ ትከሻቸውን ነካ ያደርጉና፣ «ከኋላው ምን አለ?» ይሏቸዋል። ጅብራ የሚባለውን ተክል ሲያነሱም ይሏቸዋል፤ አንዷ ቄስ ስታነሳ እንኳ አሏት።

ዓመታት አለፉ። ቀበሮዋ፣ ወይም እህቷ፣ እኔ አልለያቸውም፣ እንደገና ወለደች። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት የፎቶ አንሺዎች ቡድን ይዞ መጣ። ሌንሳቸው የመድፍ አፈሙዝ ያህላል፤ የሚፈልጉት የቀበሮ ልጆች ብቻ ነው። ባለቤቱ ከመውጣታችን በፊት ጋሽ እሸቴን በፊቴ እንዲህ አላቸው፣

«ጋሼ፣ ይሄን ካሳየኸን ከእንግዲህ የዓመቱ ጉዞ ሁሉ ያንተ ነው። ወጥ ሠሪዋም ቋሚ ትሆናለች። ካላሳየኸን ግን እኔም ሌላ ሰው መፈለጌ ነው።»

«እንሞክራለን» አሉ ጋሽ እሸቴ። እኔ በልቤ እልል አልኩ። ልጆች አሉኝ፣ ቋሚ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ብርሃኑም ምክትል መሪ ሆኖ አብሮን ወጣ።

ጋሽ እሸቴ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አንድ ጉድጓድ ፊት አስተኟቸው። ዳማ ቀረበች፣ ሁሉም በሆዱ ተኛ፣ ዝም ተባለ። ምንም የለም። በማግስቱ ሌላ ጉድጓድ፣ ሌላ ወገን። ውርጩ አጥንት ይሰብራል፤ ፈረንጆቹ ይስላሉ። ምንም የለም። ብርሃኑ፣ «ጋሽ እሸቴ፣ ይሄ ጉድጓድ የሸረሪት ድር አድርቶበታል'ኮ» ሲል ሰማሁት። «ድር ለዓይን ነው» አሉት፤ እንዲህ ያለ መልስ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ውኃ ልቀዳ ከድንኳኖቹ ጀርባ ወዳለችው ምንጭ ወረድኩ። ቀና ስል አየኋቸው። ግልገሎች! ከምንጩ ማዶ ያለች ጉብታ ላይ አንዱ የአንዱን ጅራት እየሳበ ይንከባለላል፤ እናታቸው ተጋድማ ታያቸዋለች። ጄሪካኔን ጥዬ ሩጫ። እሰይ፣ ሥራችን ተረፈ ብዬ ዳገቱን ስወጣ ከጋሽ እሸቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ጋሽ እሸቴ! አገኘኋቸው! እዚያ…»

«እታገኝ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሽንኩርትሽ እንዳያር።»

«የምን ሽንኩርት! እሳት እንኳ አላነደድኩም!»

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቱ ያውቁ ኖሯል!»

«ከወለደች ጀምሮ።»

«እኛስ? ሥራዬስ? ስምዎስ?»

ከጎኔ ተቀመጡ። «የዚያን ጊዜዎቹን ግልገሎች አያ ካሴ ወስዶ አሳይቶኛል» አሉ። «አንዱ ዓይኑ እንደተከፈተ ነበር። ያንቺን ሥራ በመከልከሌ ይቅር በዪኝ። ሌላ መንገድ ካለ ንገሪኝ፣ አጥቻለሁ።»

እኔም አጣሁ። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም፤ ሌሊቱን በልቤ ስሰድባቸው አደርኩ። ግን አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ጠዋት መጨረሻችን ነበር። ጋሽ እሸቴ ሁሉንም ከምንጩ በተቃራኒ፣ ሸለቆውን ቁልቁል ወደሚያሳይ አፋፍ ወስደው አስቀመጧቸው። እሳቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡት ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ መልሰው ነው፤ ከኋላ የሚመጣውን ለማየት። እኔ ሻይ ይዤ ከሳቸው አጠገብ ቆሜያለሁ። ብርሃኑ ደክሞት አዛጋ፣ ተንጠራራና ለመነሳት እጁን መሬት ላይ ተከለ።

በዚያች ቅጽበት ቀበሮዋ መጣች። ከእንግዶቹ ጀርባ፣ ከኋላቸው ባለው ሜዳ፣ አይጥ በአፏ ይዛ፣ ወደ ልጆቿ እየተጣደፈች። ጓሳው በዚያ በኩል አጭር ነው፤ ብርሃኑ ተነስቶ ዞር ካለ ያያታል፤ ካያት ደግሞ ዓይኑ ተከትሏት ጉድጓዱ በር ድረስ ይሄዳል። ሻዩ እጄ ላይ ተደፋ። እሳቸውም አይተዋታል። ፊታቸው አመድ ሲሆን አየሁ።

ከዚያ ተፈናጥረው ተነሱ፣ ወደ ሸለቆው ዞሩና ጮኹ። ተራራ ላይ ድምፅ ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰውዬ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኹ።

«ያቻት! ያቻት! ቀበሮ! ታች፣ ታች!»

ጣታቸው ሸለቆውን ያሳያል። ብርሃኑ ወደዚያ ተወረወረ፤ ያ ሁሉ አፈሙዝ ወደ ሸለቆው ዞረና ይንጫጫ ጀመር። እዚያ ታች፣ ከከብት ኋላ፣ አንድ ቀይ ነገር ዱብ ዱብ ይላል። እኔ ዓይኔ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቀበሮዋ በጩኸቱ ደንግጣ አንዴ ቆመች፣ አየችን፣ ረጅሙ ጓሳ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

መጀመሪያ የሳቀው ብርሃኑ ነው። «ጋሽ እሸቴ! ውሻ'ኮ ነው! የገበሬ ውሻ ነው!» ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ። አንድ ረጅም ፈረንጅ ብቻ አልሳቀም፤ በአዘኔታ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ከሳቁ ሁሉ ያቺ አዘኔታ ናት እኔን አንጀቴን የቆረጠችው። የድርጅቱ ባለቤት፣ «ጋሼ፣ ዓይንህን ታከም» ብሎ ዕቃ እንዲጫን አዘዘ። ጋሽ እሸቴ «እውነትህን ነው፣ ደክሟል» አሉና የዳማን ኮርቻ ሊያጠብቁ ጎንበስ አሉ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ላሊበላ ገባ። ውሻና ቀበሮ የማይለዩ መሪ ማን ይቀጥራል? በቀጣዩ ዓመት አንድ እንግዳ አላገኙም። ፎቶ ቤታቸው ቁጭ ብለው ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሱ ጀመር። ጎረምሶቹ በደጃቸው ሲያልፉ ይጮሃሉ፣ እንደ ውሻ።

አንድ ቀን ይህን ሰምቼ ፈላሁና ገባሁ። «አሁንስ በቃኝ! አደባባይ ወጥቼ እናገራለሁ!» አልኳቸው።

«ብትናገሪ ‹ታዲያ ቀበሮዋ የት ነበረች?› ይሉሻል። ምን ልትዪ ነው?»

ደጃፉ ላይ ካለችው በርጩማ ተቀመጥኩ።

«ያ ቦታ ከሰው አፍ መጥፋት አለበት» አሉ። «ተዪው እታገኝ።»

«አያምዎትም?»

ካሜራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። «ያማል እንጂ» አሉ። «ትናንት አንድ ፈረንጅ ስሜን ጽፎ ይዞ መጥቶ ነበር። ብርሃኑ ‹ሰውዬው ታወረ› ብሎ ከደጄ ላይ መለሰው። ሲሄድ እያየሁት ነበር። በጣም ያማል።» እንባቸው መጣ፤ የኔም መጣ። ያን ቀን ነው ቃል የገባሁላቸው። እሳቸው ከሄዱበት ጉዞ ሌላ የሚጠራኝም ስላልነበረ ውዬ አድሬ ኮን ሄጄ ምግብ ቤት ከፈትኩ። ላሊበላ በመጣሁ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር፤ ስለ ተራራው ግን አንድም ቀን አላወራንም።

ለአርባቸው ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ተቀምጠዋል፤ መሪዎቹ ሁሉ አሉ፤ ብርሃኑ፣ አሁን የራሱ ድርጅት ያለው ብርሃኑ፣ ነጠላውን አጣፍቶ እንግዳ ያስተናግዳል። እኔ የምናገረውን በልቤ እየደረደርኩ ነው። ልነሳ እልና መልሼ እቀመጣለሁ። አፈኛዋ እታገኝ ፈራች።

በዚህ መሃል ከተራራው የመጡ ገበሬዎች ገቡ፤ እግራቸው አቧራ ለብሷል። ፊት ፊት አያ ካሴ፣ አርጅተው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው። ይቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥም አሉ። ካህናቱን እጅ ነስተው፣ «አንድ ነገር ልናገር» ብለው አስፈቀዱ።

«እዚህ ከተማ እሸቴን በውሻ ትሰድቡት እንደነበር ሰምቻለሁ» አሉ። «ያ ውሻ የኔ ውሻ ነው። እኔ ታች ከብት ይዤ ነበር። አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ነው፤ እሸቴ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቤቴ በመጣ ቁጥር ከገበታው ቆርሶ የሚያጎርሰው እሱ ነበር። ሌላ ሰው ይሳሳታል። እሸቴ ያንን ውሻ አይሳሳተውም።»

ወደ መሪዎቹ ዞሩ።

«ቀበሮዋ በጀርባችሁ ስታልፍ እኔ አይቻለሁ፤ ሲጮህም ሰምቻለሁ። ለምን እንደጮኸ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል፤ መንደሬም ገብቶታል። እስከ ዛሬ ዝም ያልነው ዝም እንድንል ስለፈለገ ነው። አሁን እሷም ቦታ ቀይራለች፣ እሱም ሞቷል፤ ቢነገር የሚጎዳ የለም።»

ለካ ብቻዬን አልነበርኩም! አንድ መንደር ሙሉ ሰው ከኔ ጋር ዝም ሲል ኖሯል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ብርሃኑ የያዘውን መሶብ መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም። አንገቱን እንደደፋ፣

«አባቴ፣ ታዲያ አሁን… አሁን አለች?» አለ።

አያ ካሴ አዩት።

«አለች» አሉ። «ልጆቿም አሉ፣ የልጆቿም ልጆች አሉ። የሌለው እሱ ነው።»